ዋቢ መጥራት

በአማርኛ መጻሕፍት መጨረሻ የሚደረደረው ዝርዝር «ዋቢ መጻሕፍት» ይባላል። ዋቢ የሚለው ቃል ግን በመጽሐፍ ብቻ አልተወሰነም፤ በሙግትም በብድርም ይሠራል። ዋቢ ማለት ዋስ፣ መተማመኛ ነው፤ ባለጉዳዩ ቃሉን ቢያጥፍ በእሱ ፈንታ የሚጠየቅ ሰው። ዋቢ ጥራ የተባለ ሰው «እውነቴን ነው» ብሎ ቢምል አይበቃውም፤ ከኋላው የሚቆምለትን በስም ጠርቶ ማቅረብ አለበት። «ምንጭ» የሚለው ሌላው ቃል የተወሰደው ከውሃ ነው። ሁለቱ ቃላት አንድ ሥራ ሲሠሩ ቢታዩም የሚያነሡት ጥያቄ ይለያያል። ምንጭ «ነገሩ ከየት ፈለቀ?» ይላል፤ ዋቢ «ሐሰት ሆኖ ቢገኝ ማን ይጠየቃል?» ይላል። በትብብር በሚጻፍ የኢንተርኔት ኢንሳይክሎፒዲያ ላይ መጻፍ የጀመረ አርታኢ አብዛኛውን ጊዜ የሚያውቀው የመጀመሪያውን ጥያቄ ብቻ ነው። ሁለተኛው እስኪገባው ድረስ ከዓረፍተ ነገሩ ጫፍ የሚሰካቸው ቁጥሮች ከጌጥ አይዘሉም።

የቀድሞዎቹ ኢንሳይክሎፒዲያዎች ዋቢያቸው ጸሐፊው ራሱ ነበር። ዲድሮና ዳላምቤር እ.ኤ.አ. ከ1751 ጀምሮ በፓሪስ ባሳተሙት ታላቅ ሥራ ብዙዎቹ ጽሑፎች የጸሐፊውን ማንነት የሚያመለክት ፊደል ነበራቸው፤ ብሪታኒካም ምሁራንን እያስጻፈ በስማቸው መነሻ ፊደላት ያስፈርም ነበር። አንባቢው የሚያምነው ሰውየውንና አሳታሚውን ነው። እ.ኤ.አ. በጃንዋሪ 2001 በጂሚ ዌልስና በላሪ ሳንገር የተጀመረው ውክፔዲያ ይህን ዋስትና አነሣው። ጸሐፊው የፊዚክስ ፕሮፌሰርም የስምንተኛ ክፍል ተማሪም ሊሆን ይችላል፤ የሚታወቀው በብዕር ስሙ ነው፤ የጻፈውንም ነገ ሌላ ሰው ይለውጠዋል። ጸሐፊው ለቃሉ ዋስ መሆን ካልቻለ ዋሱ ከውጭ መምጣት ይኖርበታል። የተጻፈው ሊረጋገጥ የሚችል እንዲሆን፣ ጸሐፊው የራሱን አዲስ ምርምር እንዳያስገባ፣ አከራካሪ ጉዳይም ወገን ሳይለይ እንዲቀርብ የሚያዝዙት ሦስቱ መሠረታዊ ደንቦች ይህን ክፍተት ለመድፈን የወጡ ናቸው።

ክፍተቱ ምን ያህል ሰፊ እንደነበር እ.ኤ.አ. በ2005 ታየ። የሮበርት ኬኔዲ ረዳት የነበረው አሜሪካዊው ጋዜጠኛ ጆን ሲገንታለር በኬኔዲ ወንድማማቾች ግድያ ተጠርጥሮ እንደነበር የሚገልጽ የፈጠራ ወሬ በሕይወት ታሪኩ ውስጥ ገብቶ ከአራት ወር በላይ ቆየ። ወሬው ምንጭ አልተጠቀሰበትም፤ ያነበቡትም አልጠየቁም። ሲገንታለር የደረሰበትን በጋዜጣ ካሳወቀ በኋላ በዚያው ዓመት ዲሴምበር ላይ የእንግሊዝኛው ውክፔዲያ ያልተመዘገቡ ሰዎች አዲስ ገጽ እንዳይከፍቱ ከለከለ። ክልከላው ግን በሩን አጠበበ እንጂ የዋቢን ጥያቄ አልመለሰም፤ የተመዘገበም ሰው ይዋሻል።

የመረጋገጥ ደንብ ለብዙ ዓመታት ይገለጽ የነበረው ሰሚውን በሚያስደነግጥ አባባል ነው፦ መመዘኛው መረጋገጥ መቻል እንጂ እውነት መሆን አይደለም። አባባሉ ከረጅም ክርክር በኋላ እ.ኤ.አ. በ2012 ከመመሪያው መግቢያ ተነሣ፤ ብዙ ሰው «ምንጭ ይኑረው እንጂ ውሸትም ይግባ» ብሎ ተርጉሞት ነበርና። ትርጉሙ ስሕተት ነው። ደንቡ እውነትን አልናቀም፤ የሚናገረው ስለ ዳኝነት ሥልጣን ነው። ሁለት የማይተዋወቁ ሰዎች እያንዳንዳቸው «እውነቱን የማውቀው እኔ ነኝ» ብለው በአንድ ገጽ ላይ ቢገናኙ ከመካከላቸው ማንም ዳኛ ሊሆን አይችልም። ሁለቱም ሊከፍቱት የሚችሉት መጽሐፍ ግን ካለ ክርክሩ «ማን ያውቃል?» ከሚለው ወደ «ምን ተብሏል? ማን አለው?» ይዞራል። ይህኛው ቢያንስ መልስ የሚገኝለት ጥያቄ ነው።

በዚያው በ2012 ደንቡ በከባድ ሚዛን ተፈተነ። አሜሪካዊው ደራሲ ፊሊፕ ሮዝ እ.ኤ.አ. በ2000 ያሳተመው «ዘ ሂዩማን ስቴይን» የተባለ ልብ ወለድ በሃያሲው አናቶል ብሮያርድ ሕይወት ላይ የተመሠረተ ነው የሚለው ግምት በውክፔዲያ ገጹ ላይ ሰፍሮ ነበር። ሮዝ ይህ ስሕተት ስለሆነ እንዲታረም ቢያስጠይቅ ስለ ራሱ መጽሐፍ የሰጠው ቃል ብቻውን እንደማይበቃ፣ ሌላ ምንጭ እንደሚያስፈልግ ተነገረው። እሱም «ኒው ዮርከር» በተባለው መጽሔት ላይ ግልጽ ደብዳቤ አሳተመ፤ ለታሪኩ መነሻ የሆነው የፕሪንስተን ዩኒቨርሲቲ ፕሮፌሰር የነበረው ሜልቪን ቱሚን እንጂ ብሮያርድ እንዳልሆነ ዘርዝሮ ጻፈ። ደብዳቤው ስለታተመ በምንጭነት ሊጠቀስ ቻለ።

በጊዜው ብዙ ሰው በውክፔዲያ ሣቀ። ደራሲ ስለ ድርሰቱ ካልታመነ ማን ይታመናል? ሣቁ ግን ሁለት ነገሮችን አደባልቋል። ሮዝ ከምን ተነሥቶ እንደጻፈ ከሮዝ በላይ የሚያውቅ የለም፤ ሃያስያን መጽሐፉን ከብሮያርድ ጋር አያይዘውት እንደነበርም እውነት ነው፤ በታተመ ጽሑፍ ላይ ይታያል። የገጹ ጥፋት ሊሆን የሚችለው የሃያስያንን ግምት መጥቀሱ ሳይሆን፣ ግምት መሆኑን በጉልህ ሳይለይ አስቀምጦት ከሆነ ነው። ሌላም አለ። በኢሜይል «እኔ ሮዝ ነኝ» የሚል ሰው ሮዝ መሆኑን አንባቢው በምን ያውቃል? መጽሔቱ ያደረገው አስተዋጽኦ የሮዝን ቃል እውነተኛ ማድረግ አይደለም፤ ቃሉ የሮዝ ለመሆኑ ዋቢ መቆም ነው።

ከዚህ ክርክር ሥር ያለው ጥያቄ ከኮምፒዩተር እጅግ ይቀድማል። አንድ ሰው ራሱ ያላየውን፣ ሌላ ሰው ስለነገረው ብቻ «አውቃለሁ» ሊል ይችላል? ፕላቶ «ቴአይቴቶስ» በተባለው ምልልሱ ውስጥ ዳኞችን ምሳሌ ያደርጋል። ዝርፊያውን በዓይናቸው ያላዩ ዳኞች በጥሩ ተናጋሪ ተገፋፍተው ትክክለኛ ፍርድ ቢሰጡ እንኳ ያላቸው ትክክለኛ አስተያየት እንጂ ዕውቀት አይደለም ይላል። ጆን ሎክም በአሥራ ሰባተኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ ከዚህ የራቀ አላለም፤ የሌሎች ሐሳብ በአእምሮ ውስጥ መንሳፈፉ ባለቤቱን አዋቂ አያደርገውም ብሎ ያምን ነበር። ዴቪድ ሂዩም እ.ኤ.አ. በ1748 ስለ ተአምራት ሲጽፍ የምስክር ቃል የሚታመነው ምስክሮች አብዛኛውን ጊዜ እውነት ሲናገሩ ስለታዩ ነው፣ ስለዚህም እንደማንኛውም ማስረጃ መመዘን አለበት አለ። የአገሩ ልጅ ቶማስ ሪድ እ.ኤ.አ. በ1764 የተለየ መንገድ ያዘ። ሕፃን መዝኖ አያምንም፤ አምኖ ይጀምርና በኋላ መጠራጠርን ይማራል። መታመን ቀድሞ ባይኖር ቋንቋን እንኳ መማር አይቻልም ነበር።

ለኢንሳይክሎፒዲያው ሥራ ሪድ ይቀርባል። ሁሉን ከመነሻው መዝኜ እጽፋለሁ የሚል አርታኢ አንድ ገጽ አይጨርስም፤ የትውልድ ቀኑን እንኳ የሚያውቀው ከሌላ ሰምቶ ነው። ሂዩም የሚያስፈልገው የተነገረው ነገር ከባድ ሲሆን ነው። የአንድ ወንዝ ርዝመት ከአንድ አትላስ ቢወሰድ ይበቃል፤ በሕይወት ያለ ሰው ወንጀል ሠራ የሚል ዓረፍተ ነገር ግን ከአንድ ጋዜጣ በላይ ይጠይቃል። የሙሴ ሕግ ነገር በሁለት ወይም በሦስት ምስክር እንዲጸና ያዘዘው ሰው በሚከሰስበት ጉዳይ መሆኑን ማስታወስ ይጠቅማል።

ቃል ከአፍ ወደ አፍ ሲሄድ የሚደርስበትን አማርኛ አስቀድሞ ሰይሞታል። ሕግ አዋቂዎች «የሰሚ ሰሚ» ይሉታል፤ «አሉባልታ» የሚለውም ቃል በሆዱ «አሉ» የሚለውን ይዟል፤ ተናጋሪው ብዙ ነው፣ ስም ግን የለውም። ሎክ የእንግሊዝን የፍርድ ቤት ልማድ ጠቅሶ የተረጋገጠ የመዝገብ ግልባጭ ማስረጃ ይሆናል፣ የግልባጭ ግልባጭ ግን የቱንም ያህል ቢመሰከርለት ተቀባይነት የለውም ይላል። ምስክርነት ከመነሻው በራቀ ቁጥር ጉልበቱ ይደክማል፤ አንዳንድ ሰዎች ግን ወሬው ባረጀ ቁጥር የጸና ይመስላቸዋል ብሎ ይገረማል።

የእስልምና ሊቃውንት ይህን ድካም ለመግታት ከሎክ ብዙ መቶ ዓመታት ቀድመው ኢስናድን ሥርዓት አድርገውት ነበር። ሐዲስ ሲነገር ከእገሌ፣ እሱም ከእገሌ እየተባለ ሰንሰለቱ እስከ ነቢዩ ድረስ ይቆጠራል። እ.ኤ.አ. በ870 ያረፉት ኢማም ቡኻሪ በመሰሉ ሊቃውንት እጅ ዋናው ሥራ ሰንሰለቱን መቁጠር ብቻ አልነበረም፤ እያንዳንዱ አስተላላፊ መቼ ኖረ፣ ከቀዳሚው ጋር ሊገናኝ ይችል ነበር ወይ፣ ትዝታው የታመነ ነው ወይ የሚለው ይመረመራል። የተጠቀሰ ስም ራሱ ምርመራ ይጠብቀዋል ማለት ነው። በኢንተርኔት የሚጻፍ የግርጌ ማስታወሻ ብዙ ጊዜ የሚጎድለው ይኸው ሁለተኛው እርምጃ ነው።

ሁለተኛው እርምጃ ሲቀር ሰንሰለቱ ክብ ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ2008 አንድ አሜሪካዊ ተማሪ ስለ ኮአቲ፣ ማለትም በደቡብ አሜሪካ ስለሚኖር ረጅም አፍንጫ ያለው እንስሳ በተጻፈው ገጽ ላይ «የብራዚል አዋልደጌሳም ይባላል» የሚል ቀልድ ጨመረ። አዋልደጌሳ ከአፍሪካ ውጭ አይኖርም፤ ከኮአቲ ጋር ዝምድናም የለውም። ስሙ ግን በብሪታንያ ጋዜጦች ላይ ወጣ፤ ከዚያ ጋዜጦቹ ለገጹ ምንጭ ሆነው ተጠቀሱ። ገጹ ጋዜጣውን፣ ጋዜጣው ገጹን ዋስ ጠሩ። በሙግት ቋንቋ ከሳሽ ራሱ ዋስ ሆኖ ቆመ እንደማለት ነው። ነገሩ በይፋ የተጋለጠው ከስድስት ዓመት በኋላ ነበር። ምንጭ ሲታይ «ይህስ ከየት አገኘው?» ብሎ መጠየቅ፣ የታተመበትንም ቀን ዓረፍተ ነገሩ ወደ ገጹ ከገባበት ቀን ጋር ማስተያየት የሚያስፈልገው ለዚህ ነው። የገጹ የለውጥ ታሪክ እያንዳንዱን ጭማሪ ከነሰዓቱ ስለሚያሳይ ማስተያየቱ ከባድ አይደለም፤ የሚከብደው ትዝ ማለቱ ነው።

ጀማሪ አርታኢ በመጀመሪያ የሚሠራው ስሕተት ምንጭ አለመጥቀስ ነው፤ ይህ ቶሎ ይታረማል፤ ሌሎች «ምንጭ ያስፈልገዋል» የሚል ምልክት ይለጥፉበታል። የሚያስቸግረው ከዚያ በኋላ የሚመጣው ነው። አምስት ዓረፍተ ነገር ያለውን አንቀጽ ጽፎ መጨረሻው ላይ አንድ ማስታወሻ ያስቀምጣል፤ መጽሐፉ ግን የሚናገረው ስለ አራተኛው ዓረፍተ ነገር ብቻ ነው። ቀሪዎቹ አራቱ በጎረቤታቸው ዋስ የተለቀቁ ናቸው። ወይም ደግሞ ያላነበበውን መጽሐፍ ከሌላ መጽሐፍ ግርጌ ቀድቶ እንዳነበበው አድርጎ ይጠቅሳል። ቅን አሠራሩ «እገሌ እንደጠቀሰው» ማለት ነው፤ ዋሱን ያላየ ሰው ዋሱን አውቃለሁ አይልምና። የገጽ ቁጥር መዝለልም የዚህ ዘመድ ነው። ባለ 600 ገጽ መጽሐፍ ያለ ገጽ ቁጥር መጥቀስ «ዋሴ መርካቶ ውስጥ አለ» ብሎ እንደመሄድ ይቆጠራል።

ከሁሉ የረቀቀው ስሕተት ሁለት እውነተኛ ምንጮችን አጋብቶ አንዳቸውም ያላሉትን ማውጣት ነው። አንዱ መጽሐፍ ንጉሡ በእገሌ ዓመት ግብር ጨመረ ይላል፤ ሌላው በቀጣዩ ዓመት ሽፍታ በዛ ይላል። «ግብሩ በመጨመሩ ሽፍታ በዛ» የሚለው ዓረፍተ ነገር ሁለት ማስታወሻ ተሰክቶበት የጸና ይመስላል፤ «በመጨመሩ» የምትለዋ ቃል ግን ዋስ የላትም። ግምቱ ብልህ ሊሆን ይችላል፤ ቦታው ግን ስሙን ፈርሞ ኃላፊነቱን የሚወስድ ተመራማሪ የሚጽፈው መጣጥፍ ነው። ተንኮል ሲጨመርበት ምን እንደሚመስል እ.ኤ.አ. በ2022 በቻይንኛው ውክፔዲያ ታይቷል። አንዲት ጸሐፊ በመካከለኛው ዘመን ሩሲያ ታሪክ ላይ ከ200 በላይ ገጾችን በፈጠራ ሞልታ ለዓመታት ቆይታለች። የጠቀሰቻቸው መጻሕፍት በውጭ ቋንቋ የተጻፉ ስለነበሩ አንባቢው የማስታወሻውን መኖር እንጂ መጽሐፉ የሚለውን አላየም።

በኢትዮጵያ የመጽሐፍ ትርጓሜ ባህል ይህን ሥነ ሥርዓት የሚመስል አሠራር አለ። የአንድምታ መምህር ለሚሰጠው ፍቺ ከመጽሐፍ ቃል ጠቅሶ «እንዲል» ብሎ ይዘጋዋል። «እንዲል» አጭር ናት፤ ነገር ግን የመምህሩን ቃል ከዋቢው ቃል የምትለይ ድንበር ናት። ከዚያ «አንድም» ይልና ሌላ ፍቺ ያስከትላል፤ የላይ ቤትና የታች ቤት የሚባሉት የትርጓሜ ወገኖች ሊቃውንት የተለያዩበትን ጎን ለጎን አቁሞ የሚያልፍበት ጊዜ ብዙ ነው። ልዩነቱን ሳይሸሽጉ ማስቀመጥ ለኢንሳይክሎፒዲያ አርታኢም ዋናው ጥበብ ነው። ንጽጽሩ ግን ሩቅ አይሄድም፤ አንድምታ ሁሉንም ፍቺ የሚያስተናግደው በአንድ እምነት ቅጥር ውስጥ ሆኖ ነው፤ ኢንሳይክሎፒዲያው ቅጥሩን ራሱን ከአከራካሪ ጉዳዮች ይቆጥረዋል።

ደንቡ የሚጨክንበት ቦታም አለ። ዋቢ የሚባለው የታተመ ነገር ብቻ ከሆነ ያልታተመ ዕውቀት ያላቸው ሕዝቦች ምስክር የሌላቸው ይመስላሉ። ቤልጅጋዊው ታሪክ አዋቂ ያን ቫንሲና እ.ኤ.አ. በ1961 በአፍ የሚተላለፍ ትውፊት በራሱ ዘዴ ሊመረመር የሚችል የታሪክ ምንጭ መሆኑን የሚያስረዳ መጽሐፍ አወጣ። እ.ኤ.አ. በ2011 አቻል ፕራባላ የተባለ ሕንዳዊ ጸሐፊ ከባልደረቦቹ ጋር በሕንድና በደቡብ አፍሪካ ሰዎችን በድምፅ እየቀዳ ቅጂውን በውክፔዲያ ምንጭነት የመጥቀስ ሙከራ አደረገ። ሙከራው ብዙ አልተስፋፋም። ተቃዋሚዎቹ ቅጂውን የሚቀዳውም የሚጠቅሰውም አርታኢው ራሱ በመሆኑ አዲስ ምርምር ነው አሉ፤ ክርክራቸው ከደንቡ አንጻር የተሳሳተ አይደለም። ሆኖም የቃል ዕውቀት ምስክር የለውም የሚለው ግምት አያስኬድም። የድጓ፣ ማለትም የቤተ ክርስቲያን ዜማ፣ ተማሪ ዓመታት ከለፋ በኋላ ጋይንት ወዳለው ቤተልሔም ሄዶ ማስመስከር አለበት፤ መዓርጉን የሚያገኘው በመምህር ፊት ተመዝኖ ሲመሰከርለት ነው። ዋቢው አለ፤ የጠፋው የኢንተርኔት አንባቢ ከቤቱ ሆኖ ወደ እሱ የሚደርስበት መንገድ ነው። ይህ የዕውቀቱ ሳይሆን የመጥቀሻ መሣሪያው ጉድለት ነው።

ደንቡ፣ ዋቢውና ክርክሩ በአንድ ገጽ ላይ የሚገናኙበት ምሳሌ «ሐተታ ዘርዓ ያዕቆብ» የተባለው የግእዝ መጽሐፍ ነው። ሐተታው እንደሚተርከው ጸሐፊው በአክሱም አጠገብ ተወልዶ፣ በዐፄ ሱስንዮስ ዘመን ተሰድዶ በዋሻ ተቀምጦ፣ በኋላም በእንፍራዝ ኖሮ ጻፈው። የመጽሐፉ ዋና ሐሳብ ሰዎች ከቀደሙት የሰሙትን ሳይመረምሩ ይቀበላሉ፣ ሁሉም የእኔ ሃይማኖት ልክ ነው ይላል፣ ስለዚህ አእምሮ የሰማውን ሁሉ ይመርምር የሚል ነው። የግእዙ ጽሑፍ ለአውሮፓ የደረሰው ጁስቶ ዳ ኡርቢኖ የተባለ ጣሊያናዊ የካፑቺን ሚሲዮናዊ እ.ኤ.አ. በ1850ዎቹ መጀመሪያ ለብራና ሰብሳቢው አንቷን ዳባዲ በላከው ቅጂ ነው፤ ኤኖ ሊትማን በ1904 አሳተመው። በ1920 ካርሎ ኮንቲ ሮሲኒ ድርሰቱ የራሱ የሚሲዮናዊው ነው አለ፤ በ1934 ኦይገን ሚትቮኽ ደገፈው። በ1970ዎቹ ክላውድ ሳምነር በአዲስ አበባ ባሳተማቸው ጥራዞች የኢትዮጵያዊ ሥራ መሆኑን ተሟገተ። አናይስ ቪዮን ከ2013 ጀምሮ የሚሲዮናዊውን ደራሲነት እንደገና አነሣች፤ በ2023 አዲስ የእንግሊዝኛ ትርጉም ያወጡት ራልፍ ሊ፣ መሐሪ ወርቁና ዌንዲ ቤልቸር ደግሞ ደራሲው ኢትዮጵያዊ ነው ይላሉ።

«ዘርዓ ያዕቆብ እ.ኤ.አ. በ1599 ተወለደ» ብሎ የሊትማንን እትም የሚጠቅስ አርታኢ ዋሱን ከተስማማበት በላይ አስገድዶታል። ያ እትም ዋስ የሚሆነው ሐተታው እንዲህ ለማለቱ ነው፤ ሰውየው ለመኖሩ አይደለም። «ሐተታው የጣሊያናዊ ፈጠራ ነው» ብሎ ኮንቲ ሮሲኒን የሚጠቅስም እንዲሁ የአንድን ሰው ክስ ፍርድ አድርጎ አቅርቧል። ሊቆም የሚችለው ዓረፍተ ነገር ረዘም ይላል፤ ሐተታው የሚለውን «እንደ ሐተታው»፣ ክሱን «እንደ ኮንቲ ሮሲኒ»፣ መልሱን «እንደ ሳምነር» እያለ ለየባለቤቱ ይሰጣል። ሰሚው የሰማውን ሁሉ ይመርምር ስለሚል መጽሐፍ ሲጻፍ እንኳ የአርታኢው ድርሻ ጉዳዩን ራሱ መርምሮ መፍረድ አይደለም፤ መርማሪዎቹን ከነገጻቸው መጥራት ነው። መፍረድ የሚፈልግ አንባቢ የሳምነርንም የቪዮንንም ማስረጃ ይከፍታል፤ ያም ካልበቃው ዳ ኡርቢኖ የላከው ቅጂ ከዳባዲ ስብስብ ጋር ፓሪስ በሚገኘው የፈረንሳይ ብሔራዊ ቤተ መጻሕፍት ተቀምጧል።